ባንዲራ ያዡ ዘሩ የማን ነው?

እታፈራሁ አባቷን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሸጥ አየችው። ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው ኮምፒዩተር ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ሁለት ደንበኞች ሜሞሪ ሊያስጭኑ ወረፋ ይዘው ሲጠብቋት። ኔቱ እንደ ልማዱ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ አንድ የማታውቀው ፈረንጅ ቢጫ አውሮፕላን ሲያበር የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተላት። ከታች የተዘረጋው መሬት የመተማ መሬት ነው። ሰሊጡ፣ ማሽላው፣ በኮኪት መንገድ ዳር ያሉት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት የአፈር ሜዳ፣ አንድም የቀረ የለም። ከጥጡ ማሳ ጫፍ ላይ ደግሞ ትከሻው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ረዥም ሰው ነጭ ጨርቅ ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ጥቂት ይራመድና ጨርቁን እንደገና ያነሳል። ከቪዲዮው ሥር ዋጋ ተለጥፏል፤ ከዋጋው ጎን ሰምታው የማታውቀው ድርጅት ስም አለ። የእሷ ስም የለም። የአባቷም የለም።

«የኔ እህት፣ ዘፈኑን ጀመርሽው ወይስ ነገ ልምጣ?» አላት አንዱ ደንበኛ።

እታፈራሁ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው መለሰችው።

ነገሩ ለማያውቀው እንዲህ ነው። አውሮፕላን ማብረር የሚያለማምድ የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ። የሠራው ኩባንያ ዓለምን በሙሉ አስገብቼበታለሁ ይላል፤ መተማ ላይ ሲደርስ ግን ዓለሙ አልቆበት ባዶ ቡናማ ሜዳ ያሳያል። ስለዚህ ጨዋታው ፍቅር ያስያዛቸው ሰዎች በየአገሩ ሆነው የየሰፈራቸውን ሜዳና የሚወዱትን አውሮፕላን እየሠሩ ይጨምሩበታል። ሞድ ይሉታል። አንዱ ለአንዱ በነፃ ይሰጣል፤ የሠራው ሰው ስም ግን ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል። ደንቡ ይኸው ብቻ ነው።

የመተማን ሞድ የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መሬቱንና ቤቱን የሠራው ይስማው ነው፤ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ንድፍ ያስተምራል፤ እጁ ጥሩ፣ ምላሱ ስለት ነው። አውሮፕላኑንና ሰዎቹን የሠራው ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ላይ ስልክ የሚጠግነው ሙሐመድጣሂር ነው። እታፈራሁ ማሳውን ዘራች፣ ዛፉን ተከለች፣ የሁሉንም ሥራ አገጣጠመች። ኔቱ ከባድ ፋይል ስለማይሸከም ፍላሹን በገንዳ ውሃና በድንበሩ መካከል የሚያመላልሰው ሚኒባስ ነጂው ያረጋል ነበር። ሦስት ክረምት እንዲህ ሠሩ። የማን ነው ተባብለው ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። «የሁላችን ነው» ይላሉ፤ የሁላችን የሚሉት ነገር ደግሞ ሌባ ሲመጣ ጠባቂ እንደሌለው ማን ይንገራቸው!

ለይስማው ሞዱ የእጁ ሙያ ማሳያ ነው። ለእታፈራሁ ግን አባቷ ዘሩ ነው። ዘሩ ባንዲራ ያዥ ነበር። ጥጥ ላይ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን ስትመጣ፣ ፓይለቱ የትኛውን መስመር እንደረጨ እንዳይጠፋበት ማሳው ጫፍ ላይ ጨርቅ ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ጥጡም ላይ፣ የቆመውም ሰው ላይ ይወርዳል። የዘሩ ሳንባ ቶሎ አለቀ። ከእሱ የተረፈው ምስል የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ ፊቱን ማኅተም በልቶታል። ሙሐመድጣሂር ግን በጎረምሳነቱ እዚያው እርሻ ላይ ለባንዲራ ያዦች ውኃ ሲያመላልስ ስለነበር አቋቋሙንም አረማመዱንም ያውቃል። ከትዝታው አውጥቶ ሠራላት። መጀመሪያ ያየች ቀን እታፈራሁ ሱቋን ዘግታ አለቀሰች።

አሁን ይህ ሰው የሰው ሸቀጥ ሆኗል። ንዴቷ ሳይበርድ ጥርጣሬው መጣ። ሞዱ ገና ኔት ላይ ስላልወጣ፣ ሙሉው ሥራ ያለው ሦስቱ ዘንድ ብቻ ነው። እሷ አልሸጠችም። ታዲያ ማን ቀረ?

ይስማው በቅርቡ አዲስ ስልክ መያዙ ትዝ አላት። ከደሞዙ ነው? ሙሐመድጣሂር ደግሞ ሰሞኑን ስትደውልለት አይገኝም፤ ያረጋልም ሱቁ ደጅ ላይ አዲስ ጄነሬተር አየሁ ብሏታል። ከስልክ ጥገና ነው? ያረጋልስ ቢሆን? ፍላሹን በኪሱ ይዞ የሚያድረው እሱ አይደል? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባላል። እታፈራሁ ገንፎውን ትታ ስንጥሩን ብቻ መፈለግ ጀመረች።

በመጀመሪያ ይስማው ዘንድ ሄዳ ቪዲዮውን አሳየችው። ይስማው አየና ፊቱ ደም መሰለ።

«ይቺ የኔ ድልድይ ናት! ብረቷን አንድ በአንድ የሠራኋት!»

«ማን ሰጣቸው?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«የምጠይቀው ሰውማ ብዙ የለኝም።»

ይስማው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ስሚ እታፈራሁ፤ ሱቅሽ ውስጥ ስንት የሰው ፊልም ነው በየቀኑ የምትገለብጪው? ጨዋታውስ ራሱ ተገዝቶ ነው? ዛሬ ያንቺ ሲነካ ነው ስርቆት የሆነው?»

ይህ ነገር እውነት ስለነበር አበሳጫት። «ፊልሙ የአባቴ አይደለም» አለችው።

«እንግዲያው ማዶ ሂጂና ጠይቂ» አለ ይስማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገላባት ገበያ ላይ የማይሸጥ ነገር የለም። እኔ ስሙን አልጠራሁም፤ ግን እዚህ ያለን ሰዎች እንተዋወቃለን።»

እዚህ ያለን ሰዎች እንተዋወቃለን! ሰውን ከሰው ለመለየት ከዚህ የቀለለ ቢላዋ የለም። እታፈራሁ ቃሉን ይዛ ወጣች።

በዚያ አገር ከብት ሲጠፋ ወይም ሰሊጥ ከአውድማ ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። የሚጠረጠረው ሁሉ ይሰበሰብና አንድ በአንድ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ ሌባ ነው የሚለውን ሰው በጆሮው ይነግረዋል። እንዲህ የሚያንሾካሹከው ሰው ወፍ ይባላል። ወፍ የነገረችውን ሽማግሌው ይቆጥራል እንጂ ማን ምን እንዳለ እስኪሞት አይተነፍስም። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ለድረ ገጹ ይጽፋል ወይም ጠበቃ ይፈልጋል። እታፈራሁ ግን አውጫጭኝ በማስቀመጥ የታወቁት አያ አለበል ቤት ሄደች።

«ሌባ ገባብኝ አያ።»

«ምን ወሰደብሽ ልጄ?»

«አባቴን።»

አያ አለበል መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ዘሩን እኔ ነኝ በእጄ አፈር ያለበስኩት» አሉ።

ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው፤ ነገሩንም ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ራሱ ነው። ያ ትከሻው! ታዲያ አሁን አንቺ ዘንድ የለም?»

«አለ።»

«እነሱም ዘንድ አለ?»

«አለ።»

«ምን ጉድ ነው! ላሜ ጠፋች ብሎ የሚከስ ሰው እኮ ላሚቱን እየጎተተ አይመጣም። ባለቤቱ ዘንድ ላለ ነገር አውጫጭኝ አይቀመጥለትም ልጄ።»

«ስሙ ጠፍቷል አያ» አለች። «የሚያየው ሁሉ ማንም የማያውቀው አሻንጉሊት ነው የሚለው። እርስዎ ዘሩ ነው አሉ፤ እነሱ ዘንድ ግን ዘሩ መሆኑ ቀርቷል።»

ሽማግሌው ስልኩን መለሱላት። «ስምማ ከጠፋ ሰውየውም ጠፍቷል» አሉ። «ጥሪያቸው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትልቁ የኩመር ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ይስማው ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ያረጋል ሚኒባሱን ያለ ተሳፋሪ አቁሞ በመምጣቱ ሲነጫነጭ ነበር። ሙሐመድጣሂር ከድንበሩ ማዶ የመጣው ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ነው፤ ስብሰባው ለምን እንደሆነ ሲነግሩት መጀመሪያ ሳቀ። ማንም አብሮት አለመሳቁን ሲያይ ተቀመጠ።

«ስልክህ ለምን አይገኝም ነበር?» አለችው እታፈራሁ።

«እኛ ዘንድ ኔትወርክ ማፊ፣ የለም። ማማው ወድቋል፤ ያረጋልን ጠይቂው።»

ያረጋል ትከሻውን ነቀነቀ። አላውቅም ማለት ይሁን አያገባኝም ማለት አልታወቀም፤ ለሚጠራጠር ሰው ግን በቂ ነው።

አያ አለበል ክርስቲያኖቹን በመስቀል፣ ሙሐመድጣሂርን በእምነቱ፣ እውነቱን ሊናገሩና ያሉትን ለማንም ላያወጡ አስማሏቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠሯቸው። እታፈራሁ ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ የሽማግሌው ጆሮ ላይ አንድ ስም አለች። ስሙን ስትል አላመነታችም። ስትመለስ ግን ሙሐመድጣሂርን ማየት አልቻለችም። እሱ መጨረሻ ቀረበና ከሁሉም ይበልጥ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሦስት ወፍ አንድ ዛፍ ላይ አርፋለች» አሉ አያ አለበል። «ሙሐመድጣሂር፣ ባንተ ላይ ነው።»

ሰውዬው ከተቀመጠበት አልተነሳም። «እኔ? አጎቴ የምለውን ዐም ዘሩን እኔ ልሸጠው? ውኃ አጠጥቼዋለሁ እኮ። ወላሂ አጠጥቼዋለሁ።»

«ልማዱን ታውቀዋለህ። ወፍ ያረፈችበት ሰው የሰው ሀብት ይመልሳል።»

«ምኑን ልመልስ? እሷ ዘንድ አለ፤ እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ ነው።»

«እንግዲያው ካንተ ዘንድ ይጥፋ። የነሱ የሆነ አንድም ነገር ቤትህ እንዳይገኝ። ያረጋል ሄዶ ይይ።» ሽማግሌው ወደ እታፈራሁ ዞሩ። «ይበቃሻል?»

«ይጥፋ» አለች እታፈራሁ። ፍርድ ያገኘች መስሏት ልቧ ቀለል አለ።

ሙሐመድጣሂር ተነስቶ ጀለቢያውን አራገፈ። ሊሰናበታት እጁን አልዘረጋም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ምንይችል እየሳቀ ሱቋ ገባ። ምንይችል ከጎንደር መጥቶ ሰሊጥ የሚያለማ ባለሀብት ነው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ደስታውን መደበቅ የማይችል ሰው።

«የኔ ቆንጆ፣ ወንድሜ ሰላም በላት ብሎኛል! ያ ባለፈው ዓመት የሰጠሽኝ የአውሮፕላን ጨዋታ እኮ ውጭ አገር ጉድ አሰኘ!»

እታፈራሁ የያዘችውን ገመድ አስቀመጠች። «ምን ሰጠሁህ?»

«ረሳሽው? የሠርጌን ቪዲዮና አንድ ዓለም ዘፈን ጭነሽልኝ፣ ምርቃት ጨምሪልኝ ብልሽ ‹ይኸውልህ የኛን አገር እያበረርክ እያት› አላልሽኝም? እኔማ ማብረር የት አውቄ! ወንድሜ ከውጭ መጥቶ አየውና ወሰደው፤ አሁን በድርጅቱ ስም ይሸጠዋል።»

ትዝ አላት። ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው ከሚዛኑ በላይ እፍኝ ጨምሮ ይመርቃል፤ ቲማቲም ሻጯም እንዲሁ። በዚያ ገበያ ምርቃት የማይሰጥ ሻጭ ቋጣሪ ተብሎ ስሙ ይነሳል። እሷም ምንይችልን ለማስደሰት ሞዱን ከነሕይወቱ ገለበጠችለት። ፍላሹ እንዳይሞላ ብላ የሠሪዎቹ ስም ያለበትን ፋይል እንኳ ትታዋለች። ለእሷ ያን ቀን ስጦታ ነበር፤ ስጦታ ደግሞ ማን ይመዘግባል? ሌባ ፍለጋ አገር ስታምስ የገዛ እጇን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠረችውም።

«እንድታየው ነው የሰጠሁህ» አለች። «እንድትሸጡት አይደለም።»

ምንይችል ከልቡ ግራ ተጋባ። «ሰሊጥ መርቀሽኝ ብሸጠው ትከሽኛለሽ እንዴ?»

«ሰሊጡ አባቴ ቢሆን እከስህ ነበር።»

ቢጫውን አውሮፕላንና ነጭ ጨርቅ የያዘውን ሰው ስትተርክለት የምንይችል ሳቅ ከፊቱ ላይ ረገፈ። ክፉ ሰው አልነበረም። እዚያው ቆሞ ለወንድሙ ደወለና ስልኩን አቀበላት። ወንድምየው ድምፁ ለስላሳ፣ ቃሉ የተቆጠረ ነው።

«እህቴ፣ እኔ ያገኘሁት ስም የሌለው ነገር ነው። ነገር ግን አልጨቃጨቅም። እያንዳንዱ ነገር መጀመሪያ የተሠራበትን ጥሬ ፋይል አምጡ፤ ያመጣችሁለትን አወርዳለሁ። ያላመጣችሁለት እኔ ዘንድ ይቆያል።»

«መሬቱን ነገ ይስማው ይልክልሃል። ሰውዬውን ግን ዛሬውኑ አንሳልኝ።»

«ሰውዬው እኮ ነው የተወደደው። መሬቱን ባነሳ እንኳ እሱን ሌላ አገር ማሳ ላይ አቆመዋለሁ። ጥሬውን ከላክሽ ሌላ ነገር ነው።»

እታፈራሁ ስልኩን መለሰች። እሷ ዘንድ ያለው የተጠናቀቀው ዘሩ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማንም ገዢ ይኖረዋል። ዘሩ አጥንት በአጥንት የተሠራበት ፋይል ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሷን ነው።

በማግስቱ በያረጋል ሚኒባስ ድንበሩ ዳር መተማ ዮሐንስ ደርሳ፣ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ገላባት ገባች። ሙሐመድጣሂር ስልክ መጠገኛ ዱካኑ ውስጥ አንድ ስልክ ገልጦ ጎንበስ ብሏል። ደጅ ላይ ያለው ጄነሬተር የጎረቤቱ ሻይ ቤት ነበር፤ ገመዱን ዓይኗ ተከትሎት ሄደ። ሲያያት ወንበር አልሰጣትም።

«ሌባው ተገኘ» አለች ቆማ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ላፕቶፑን ከመደርደሪያ አውርዶ ከፈተና ወደ እሷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ አንድም የቀረ ነገር የለም።

«ኻላስ። ያረጋል ፊት አጠፋሁት። አጥንቱንም፣ አረማመዱንም፣ የመጀመሪያዋን ንድፍ ሳይቀር። ከአንቺ ቤት የተሰረቀ አለው እንዳይሉኝ ዲስኩን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። አንቺ አይደለሽ ይጥፋ ያልሽው?»

እታፈራሁ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አባቷን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው መሰላት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አፈሩን ያለበሰችው ራሷ ናት።

«ወፍሽ እኔ ላይ ነበር?» አላት።

መሐላው አትንገሪ ይላል። «አዎ» አለች።

«እኔ ማንንም አልጠራሁም። አያ አለበልን ‹እጇ ሰጪ ነው፣ ደንበኞቿን ትጠይቅ› አልኳቸው።» ስልኩን መግጠም ጀመረ። «አንድ ወፍ ስለሆነ አልተቆጠረም።»

እታፈራሁ ከመሬቱ ቀና ብላ አየችው።

«ሙሐመድ፣ ረስተኸዋል?»

«ዐም ዘሩን? እንዴት እረሳዋለሁ!»

«እንደገና እንሥራው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ብንሠራው የዛሬ ፋይል ነው የሚሆነው፤ የዚያ ሰውዬ ይቀድማል። ከእሱ የቀዱት እነሱ ናቸው ይባላል። በአባትሽ ላይ ሌባዋ አንቺ ትሆኛለሽ።»

«ይበሉኝ» አለች።

ሙሐመድጣሂር ስልኩን አስቀመጠ። ባዶውን ስክሪን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ሌላ ወንበር ጎትቶ አቀረበላት፤ እጁን ግን ላፕቶፑ ላይ አላሳረፈም።

«እንሠራለን» አለ። «ያለ ምስክር ግን ከአንቺ ጋር አልሠራም። ያረጋል ይምጣና መካከላችን ይቀመጥ።»

እታፈራሁ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ያረጋልን ልትጠራ ወደ ድልድዩ ተመለሰች።